ማሽኑን ያልጠየቀው ፕሮግራሜ

ሰቆጣ ተመድቤ ለጤና ጣቢያዎች የሕሙማን ካርድ ፈልጎ የሚያወጣ ፕሮግራም እሠራለሁ። አዲስ ኮምፒውተሮች ሲገቡልን ፕሮግራሙን የእነሱ አዲስ ፕሮሰሰር፣ የኮምፒውተሩ አንጎል፣ ብቻ በሚያውቀው ትእዛዝ አዘጋጀሁትና ካርድ በቅጽበት ያወጣ ጀመር። ኮራሁ። ጽጽቃ ጤና ጣቢያ ሄጄም የቀድሞውን ፕሮግራም አጥፍቼ ይህንን ጫንኩ። እዚያ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ግን ፕሮግራሙን ገና ስከፍተው መልሶ ይዘጋዋል፤ ትእዛዙን አያውቀውማ። በረንዳው ላይ ከሩቅ በእግር የመጡ ሕሙማን ተሰልፈዋል።

«ማሽኑ አርጅቷል፤ አዲስ ይጠይቁ» አልኳቸው የካርድ ክፍሉን ሠራተኛ። ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ግቢ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው። የወረቀት ካርድ ከመደርደሪያ እያወረዱ፣ «ፕሮግራምህ ማሽኑን የት ደርሰሃል ብሎ ይጠይቀዋል?» አሉኝ። «አይጠይቅም» አልኩ። «እኔ ተማሪ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ይኼንኑ ነው። ፊደል የሚቆጥረውም ዳዊት የሚደግመውም አንድ ግቢ ይውላሉ፤ እያንዳንዱን ከደረሰበት አስቀጥለዋለሁ።»

ሰቆጣ ስመለስ አዲሱንም አሮጌውንም ትእዛዝ አንድ ላይ አስገባሁ፤ አሁን ፕሮግራሙ መጀመሪያ ፕሮሰሰሩን ይጠይቃል፣ በመልሱም ይመርጣል። ልኬላቸው በሳምንቱ ደወልኩ። «እንዴት ሆነ መሪጌታ?»

«ቀስ ብሎ ያነባል» አሉኝ። «ግን ያነባል።»