ሳል ያላመጣ አያነጣም

መምህሩን ወደ ልብስ አጠባ ቤቱ ያስገባው ዝናብ እንጂ ሥራ አልነበረም። ባለቤቲቱ ግን ገና በር ላይ ሳለ ነጭ ጋዋኑን በዓይናቸው አጠቡት። እጃቸው የነካው ሸሚዝ ሁሉ ስለሚያበራ ሰፈሩ እትዬ ነጩ ይላቸዋል።

«ይሄን ወንፊት ለብሰህ ነው የምታስተምረው?» አሉት።

የበሳው አሲድ ነው አላቸው። በማኅበረሰብ ኮሌጁ ኬሚስትሪ ሲያስተምር ፀጉሩ እንደ ሸበተ፣ ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ሲጠሩት ቀን ሠርተው ማታ የሚማሩትን ጥሎ መሄድ እንዳቃተው፣ ቅዳሜ ቅዳሜም ቤተ ሙከራውን ለሰፈሩ ሰው እንደሚከፍት አጫወታቸው። እትዬ በሆዳቸው አዘኑለት።

ይህን ጊዜ ከጓዳ ደረቅ ሳል ተሰማ። ልጃቸው ናት፤ ብርድ ነው አሉ። መምህሩ አየሩን አሽተት አደረገና በረኪናውን ከምን ጋር እንደሚቀላቅሉት ጠየቃቸው።

የሙያ ምስጢር ነው፤ ለሚታዘንለት ሰው ግን አይነፈግም። ከቀድሞ አሠሪያቸው የወረሱት ደንብ ነበር፦ በረኪናው ላይ የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጠብ ማድረግ፣ ኃይሉ እንዳያመልጥም መስኮት መዝጋት። ሳል ያላመጣ አያነጣም።

መምህሩ እንደ ተማረ ሰው ጀመረ፤ ማለትም ማንም እንዳይገባው አድርጎ። ስለ ክሎሪን ጋዝና ስለ ሳንባ አብራራ። እትዬ በትሕትና ሰሙት፤ በትሕትናም አልተቀበሉት።

«እኔ ይኸው አለሁ አይደል?»

ይህን ማስረጃ የሚረታ የለም፤ የሞቱት መጥተው አይከራከሩማ። መምህሩ ግን ከደከሙ ተማሪዎች ፊት ሲቆም የኖረ ነውና፣ ነገሩ አልገባ ሲል መለወጥ ያለበት መንገዱ እንጂ ድምፁ እንዳልሆነ ያውቃል።

«እትዬ፣ ልብሱን የሚያነጣው ምኑ ነው?»

«በረኪናው ነዋ።»

«ጓዳውን የሞላው ሽታስ ከየት መጣ?»

«ከዚያው።»

«እንግዲያ ልብሱ ላይ መሥራት የነበረበት ጉልበት ልጅዎ ደረት ውስጥ እየሠራ ነው። ለልብሱ ምን ቀረለት?»

መጀመሪያ የታያቸው ብክነቱ ነበር፤ ለዚህ እስከ ዛሬ ራሳቸውን ይታዘባሉ። ቀጥሎ የልጃቸው ደረት ታያቸው። የጓዳውን መጋረጃ ገልጠው ገቡና ክንዷን ይዘው አወጧት። መምህሩ ትንፋሹን ይዞ ጓዳ ገባና መስኮቱን በረገደው፤ ከዚያ ዛሬውኑ ሐኪም እንዲያያት ለመናቸው። ሲወጣ ጋዋኑን ቀሙት።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ጋዋኑን አጥበውና ጠቅመው ወደ ቤተ ሙከራው ይዘው መጡ። ሊመልሱ ብቻ እንደመጡ ተናግረው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ሦስት ጎረቤትም አስከትለዋል። በረኪናውን ለብቻው በውሃ አቅጥነው፣ መስኮት ከፍተው እንደሚያጥቡ፣ ልብሱም እንደ ድሮው እንደሚነጣ፣ አሲድ መግዛትም እንደቀረላቸው ለሁሉም መሰከሩ።

ሰው ሲበተን ወደ መምህሩ ጠጋ አሉ።

«አንድ ነገር ግን አልነገርከኝም። ሳሉ ሲለቃት ለካ ልጅቷ ዘፋኝ ኖራለች። ቀኑን ሙሉ ታንጎራጉራለች። ድምጿ ደግሞ የሚያምር እንዳይመስልህ።»

«ታዲያ ምን ላድርግልዎት?»

«ምንም።» የጋዋኑን ኮሌታ አቃኑለት። «ለዚህኛው መድኃኒት እንዳትፈልግለት ልልህ ነው።»