የእማማ ትርንጎ ቀጠሮ

በኮሮና ዘመን፣ ደሴ፤ አንገታቸው ላይ እንቅርት ያበጠባቸው ሙሾ አውራጇ እማማ ትርንጎ ከሆስፒታሉ ቀጠሮ መዝጋቢ ከሲስተር ሰናይት ፊት ቆመዋል።

ትርንጎ፦ መጋቢት ላይ ግንቦት አላችሁኝ፣ ግንቦት ላይ ነሐሴ፤ ዛሬ ደግሞ ኅዳር። ምን በደልኳችሁ?

ሰናይት፦ እማማ፣ ያራዘምኩት እኔ አይደለሁም። አልጋውም ኦክስጅኑም ለኮሮና በሽተኞች ሆኗል። ቀዶ ሕክምና የሚሠራው ለድንገተኛ ብቻ ነው።

ትርንጎ፦ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሲሉ ተረት ይመስለኝ ነበር።

ሰናይት፦ ማስክዎን እስቲ ከፍ ያድርጉት።

ትርንጎ፦ ከፍ ሳደርገው እንቅርቴ ይታያል፣ ዝቅ ሳደርገው አንቺ ትቆጪኛለሽ። የቱን ልሸፍን?

ሰናይት፦ አፍንጫዎን። ሥራስ እንዴት ነው?

ትርንጎ፦ የምን ሥራ። ሰው እየሞተ ሥራ የፈታሁ አልቃሽ እኔ ብቻ ነኝ። ለቀብር አትሰብሰቡ ተብሎ ሬሳው ሳይሞገስ ይሄዳል። ባለፈው ለጎረቤቴ በአጥር ላይ ሆኜ አለቀስኩለት።

ሰናይት፦ በዚህ ትንፋሽ?

ትርንጎ፦ ትንፋሼ ምን ሆነ?

ሰናይት፦ ሲያወሩ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። እንቅልፍስ?

ትርንጎ፦ እንደ ዳኛ ተቀምጬ። ከሰኔ ሚካኤል ወዲህ ጋደም ስል ያንቀኛል።

ሰናይት፦ ሁለት ወር ሙሉ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰሙም?

ትርንጎ፦ ቀጠሮ አክባሪ ነኝ።

ሰናይት፦ ይኼ እኮ ድንገተኛ ነው። ይቆዩ፣ ለዶክተሩ ልደውል... እሺ ብሏል። ዛሬ ይተኛሉ፣ ነገ ጠዋት ይሠራልዎታል።

ትርንጎ፦ ነገማ አይመቸኝም። ኅዳር ምን አለው?

ሰናይት፦ አሁን በኅዳር ሲጣሉኝ አልነበር?

ትርንጎ፦ ያ ለወጉ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፤ ሁለቴ ስታራዝሙልኝ ሁለቴም ለማርያም ጧፍ አስገብቻለሁ። የሦስተኛውም ይኸው ቦርሳዬ ውስጥ አለ።

ሰናይት፦ ይራዘምልኝ ብለው ተስለው?

ትርንጎ፦ ዶክተሩ የድምፅዎ ጅማት እዚያው አጠገብ ነው አለኝ። ቢነካብኝስ? አባቴንም ባሌንም የሸኘሁት በዚህ ድምፅ ነው።

ሰናይት፦ ሊነካ ይችላል፣ አልዋሽዎትም። ብዙ ጊዜ ግን አይነካም። እንዲህ ከቆዩ ትንፋሽዎ ራሱ ይዘጋል። ያኔ ለእርስዎ ማን ሙሾ ያወርዳል?

ትርንጎ፦ ማን አለ፣ ያቺ የታች ሰፈሯ አስካለ ናት። ግጥም ቤት አይመታላትም፤ የሟቹንም ስም ትሳሳታለች።

ሰናይት፦ እንግዲያው ለኅዳር ልጻፈው?

ትርንጎ፦ ተዪው፣ አትጻፊው። አልጋው የቱ ጋ ነው?