ለችግኝ ቦታ ያዘጋጁልን ጎረቤት

እንኳን ደህና ገባሽ ሉፔ! ጀልባው አላንገላታሽም? ልጅሽስ በሰላም ተገላገለች? ተመስገን። አፒያ ከተማ ተስማምቶሻል መሰለኝ፣ ፊትሽ ሞላ ብሏል… በይ ቁጭ በይ፣ የታሮው ሥር እስኪበስል ኮኮናት እየፈቀፈቅን እናውጋ።

እኛማ ደህና ነን። ባሕሩም ደህና ነው። አንድ ቀን ብቻ… ትንሽ ሽርሽር ወጥቶ ነበር።

ወዴት? እንዴ፣ አልሰማሽም? ወደ ጎረቤታችን ነዋ! ስም ምን ያደርጋል፣ ሰው ማማት ይሆንብኛል። እኒያ ከኦክላንድ ሲመለሱ «ተፈጥሮን የማይጎዳ ማረፊያ» የሚል ትልቅ ሰሌዳ ያቆሙት። ሰሌዳው ደግሞ ሲያምር! የቆመበት እንጨት ራሱ ያምራል… የኛው የባሕር ዳር ማንግሮቭ አይደል፣ ለምን አያምር?

አስተዋይነታቸውን ግን አደንቃለሁ። አያቶቻችን ያን ዛፍ ሳይነኩት ኖረው አለፉ። አልገባቸውማ! ፀሐይ ስትጠልቅ እንግዳ እንዳያይ እንደሚከልል ማን ይንገራቸው? በመጋዝ የገለጡልን እሳቸው ናቸው። ትዝ ይልሻል፣ አብረን ሄደን «ኧረ እሜቴ፣ ማዕበሉን የሚይዝልን እኮ እሱ ነው» ስንላቸው? ሳቅ ብለው፣ «ሎሳዬ፣ አንቺ ስለ ቱሪስት ምን ታውቂያለሽ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ለእንግዳ ከማከራያቸው ከነዚህ ከሣር ጎጆዎቼ ሌላ ምን አየሁና?

እና አንቺ በሄድሽ በእሑዱ፣ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን ምሳ ልንቀርብ ስንል ነፋሱ ተነሣ። ባሕሩም ማረፊያ መከፈቱን ሰምቶ ኖሯል መሰለኝ፣ የሚይዘው ዛፍ የለ፣ ቀጥ ብሎ ገባላቸው። ፍራሹ ሲንሳፈፍ፣ እንግዶቹ ሻንጣቸውን በራሳቸው ተሸክመው በውሃ ውስጥ ሲመጡ ብታይ… አንጀት ይበላሉ። የኛ ጎጆዎች ከተረፈው ዛፍ ጀርባ ስለሆኑ አልተነኩም። ምን እናድርግ፣ አስገባናቸው። ደረቅ ልብስ አለበስናቸው፣ ከምሳችን አካፈልናቸው። አንዲት አሮጊት እጄን ይዛ ስታለቅስ እኔም አብሬ አለቀስኩ።

እሳቸውስ? መጡ እንጂ! ውሃው ከጎደለ በኋላ… ፎቶ አንሺ ይዘው። እኔ እዚያው ቆሜ እየሰማሁ፣ እንግዶቹን «ይሄ ከመንደሩ ሕዝብ ጋር የመኖር ፕሮግራማችን ነው፣ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ» አሏቸው። ማዕበሉን ጭምር? እንጃ… ትልቅ ሰው ናቸው፣ አይሳናቸውም።

አሁን ደግሞ እንግዳ በመጣ ቁጥር ማንግሮቭ ያስተክላሉ። የት መሰለሽ? እዚያው የቆረጡበት ላይ! እንዲህ አርቆ ማሰብ ከየት ይገኛል? ቀድመው ባያጸዱት ኖሮ እንግዳው ችግኙን ታቅፎ የት ሊቆም ነበር?

ጣጣ ያመጣችው አሮጊቷ ናት። ማረፊያው ደርቆ «ተመለሱ» ቢባሉ፣ «እኔ ከሎሳ ጋር ነኝ፣ የትም አልሄድም» ብላ ምንጣፏ ላይ ተመቻቸች። ሌሎቹም እሷን አይተው ቀሩ። ይኸው ጎጆዎቻችን ሁሉ ሞሉ። ምንጣፍ ሠሪዋ ሲኤኒ እንኳ፣ ያ ገዢ አጥቶ ተጠቅልሎ የኖረ የሰሌን ምንጣፏ አልቆላት ሌላ እየሠራች ነው።

ታዲያ ትናንት እሳቸው ደጃፌ ቆመው «እንግዶቼን ቀማሽኝ!» አይሉኝም? «ኧረ እሜቴ፣ እኔ መቼ ከቤቴ ወጣሁ? ባሕሩ ነው ያመጣልኝ» አልኳቸው። ተቀይመው ሄዱ። ከፋኝ፣ ሙች እውነቴን ነው… ጎረቤት ተቀይሞኝ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ምንም ቢሉኝ ክፉ አልመኝላቸውም። ጌታ ቤታቸውን በእንግዳ ይሙላላቸው። ዕድሜውንም ጤናውንም ይስጣቸው። ጎረቤት እንደሆነ እኛ ለሳቸው አንመጥንም… እንደ ራሳቸው ያለ፣ ልክ እንደ ራሳቸው ያለ ጎረቤት፣ በግራም በቀኝም ይስጣቸው። አሜን በይ እንጂ ሉፔ!