ሰላይ የተባለው ኤጀንት

ዓለም ባንክ ፌርማታ ላይ ዝናቡ ሰዉን ሁሉ አንድ ሱቅ ታዛ ሥር ሰብስቦታል። ጉልላት የጃኬቱን ኮሌታ ከፍ አድርጎ ታክሲ ሲጠብቅ "እንደምን አደሩ ጋሽ ጉልላት" የሚል ድምፅ ከጎኑ ሰማ። ዞር ሲል ዱሬቲ ነች። በዚያ ማለዳ ከከተማው ሕዝብ ሁሉ ሊያያት የማይፈልጋት ሰው ብትኖር እሷ ነበረች።

ጉልላት ቀራንዮ ውስጥ በሚገኝ አንድ የሕክምና ላብራቶሪ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነው። የአካባቢው ክሊኒኮች የታካሚዎቻቸውን የምርመራ ውጤት የሚያዩበትን ፕሮግራም፣ ሩቢ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ፣ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ብቻውን የጻፈው እሱ ነው። ለዓመታት አንድ ነገር በተበላሸ ቁጥር ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ዋጋነሽ "ጉልላትን ጥሩልኝ" ይሉ ነበር። ዱሬቲ ከዩኒቨርሲቲ ወጥታ ከተቀጠረች ወዲህ ግን "ዱሬቲን ጠይቋት" ማለት ጀመሩ። ይህች ትንሽ የቃል ለውጥ ጉልላትን ውስጥ ውስጡን ትበላው ያዘች። ልጅቷ ስትስቅ ማን አብሯት እንደሚስቅ ያያል። እንግዳ ተቀባዮቹ ኮምፒውተራቸው ሲያስቸግራቸው የእሱን በር አልፈው ወደ እሷ ጠረጴዛ ሲሄዱ በመስታወቱ ይከታተላል። ቅናት ክፉ ሥራ ነው፤ ሰውን ቀኑን ሙሉ ያደክመዋል፤ ማታ ግን ይህን ሠራሁ የሚለው ነገር አይተርፈውም።

ታክሲው መጣና እየተጋፉ ገቡ። የተገኘው ቦታ ኋላ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ነበር።

"ጋሼ፣ ቅር ካላለዎት አንድ ነገር ላማክርዎት" አለች ዱሬቲ። "ጠዋት ጠዋት ሲስተሙ እየደረቀ ክሊኒኮቹ ይጮሃሉ። እኛ አጥፍተን እናስነሳዋለን፣ ለጊዜው ይሠራል፣ በማግስቱ ደግሞ ያው ነው። ለምን እንደሚደርቅ ግን አላወቅንም።"

"እንዴት አናውቅም? ኔትወርኩ ነው።"

"ሊሆን ይችላል። እኔ የምለው፣ ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ ተነሥቶ ከጀርባ የሚለካ፣ ኤጀንት የሚባል ትንሽ ፕሮግራም እናስጀምር ነው። የትኛው ገጽ ምን ያህል እንደዘገየ፣ ጊዜው ያለቀው መረጃው የሚቀመጥበት ዳታቤዝ ጋ ይሁን ኔትወርኩ መንገድ ላይ፣ ልኩን ውጭ አገር ወዳለ ድርጅት እየላከ በመቆጣጠሪያ ገጽ ያሳየናል። ጥፋቱ የኔትወርኩ ከሆነም በማስረጃ እንናገራለን።"

ጉልላት ደረቅ ሳቅ ሳቀ። "ኤጀንት ከምትይው በአማርኛ ሰላይ በይው። እኔ በጻፍኩት ቤት ውስጥ ሰላይ ልታስቀምጪ ነው።"

"ሰው አይሰልልም ጋሼ። የሚለካው ሥራውን ነው። ሐኪም ሙቀት ሲለካ በሽተኛውን መክሰሱ ነው እንዴ?"

"እሺ፣ ይለካ። የሰው የደም ውጤት ከግቢያችን ወጥቶ የማናውቀው አገር ኮምፒውተር ላይ ሲሰፍርስ? ለዚያ ማን ይጠየቃል?"

ጥያቄው ከቅናት ይምጣ እንጂ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። "እሱ እውነትዎን ነው" አለች ዱሬቲ። "ስምና ውጤት እንዳይወስድ ከመነሻው እንዘጋዋለን። የጊዜ ልክ ብቻ ይሂድ። ሳናጣራም አናስጀምረውም።"

"ራሱ ኤጀንቱ ፕሮግራሙን ቢያዘገየውስ?"

"ትንሽ ይወስዳል፤ አይወስድም ብዬ አልዋሽዎትም። ከበዛ እንነቅለዋለን።"

ጉልላት "ወራጅ አለ!" ብሎ ከመውረጃው በፊት ወረደና የቀረውን መንገድ በዝናብ ሄደ።

ወይዘሮ ዋጋነሽ ሐሳቡን ሲሰሙ ወደዱት። ዱሬቲም በራሷ ኮምፒውተር ላይ ሞክራ፣ መሥራቱን አይታ፣ ስምና ውጤት አለመውጣቱን ከጉልላት ጋር አረጋግጣ፣ ፕሮግራሙ በሚሠራበት ዋና ኮምፒውተር፣ በሰርቨሩ ላይ፣ አስጀመረችው። ከዚያም ሥራ አስኪያጇን ጠርታ የመቆጣጠሪያውን ገጽ ከፈተች። ገጹ ባዶ ነው። ቢጠብቁ ባዶ፤ አጥፍተው ቢያስነሱት ባዶ።

"ሠርቷል አላልሽኝም እንዴ ልጄ?" አሉ ወይዘሮ ዋጋነሽ።

"እኔ ጋ ሠርቶ ነበር እትዬ። ምን እንደነካው እንጃ" አለች ዱሬቲ፤ ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

ጉልላት ግን ምክንያቱን ገና ገጹን ሲያይ አውቆታል። አንድ ዓረፍተ ነገር ቢናገር ነገሩ ያልቅ ነበር። ሳይናገር ወደ ክፍሉ ገባ፤ ወንበሩ ላይ ደገፍ ብሎም ከብዙ ጊዜ በኋላ ደስ አለው። ልጅቷ በየቀኑ ስትመራመር፣ ምሳዋን ሳትበላ መመሪያ ስታነብ እያየ ዝም አለ። እንግዳ ተቀባዮቹም እንደገና በእሱ በር መግባት ጀመሩ። የተመኘው ሁሉ ሆነለት።

አንድ ጠዋት ግን ከዘነበወርቅ አካባቢ ካለ ክሊኒክ ዶክተር ቃለጽድቅ ደወሉ። ወይዘሮ ትርንጎ የሚባሉ እናት ደክሟቸው መጥተው ደማቸው ለምርመራ ተልኳል፤ ዶክተሩ ውጤቱን ለማየት ቢሞክሩ ገጹ አልከፈት አላቸው። የላብራቶሪው ባለሙያ ገጽም እኩል ደርቋል። ጉልላት እንደ ልማዱ ሰርቨሩን አጥፍቶ ማስነሳት ያዘ። ይህን ሲያደርግ ዱሬቲ ወደ መመርመሪያ ክፍሉ ሮጣ፣ ከማሽኑ የታተመውን ወረቀት ይዛ መጥታ በስልክ አነበበችላቸው። ሐኪሙ ፖታሲየም የተባለውን የደም ማዕድን መጠን ሲሰሙ "ድገሚልኝ" አሉ፤ ደገመችላቸው። ልብ ሊያቆም የሚችል መጠን ነበር። ሴትየዋ ያንኑ ሰዓት በመኪና ወደ ሆስፒታል ተወሰዱ። ከሰዓት በኋላ በሕይወት መኖራቸው ተሰማ።

ሁሉም እፎይ ሲል ዱሬቲ የጉልላትን በር አንኳኳች።

"ጋሽ ጉልላት፣ አቃተኝ" አለች። "ይህን ሰርቨር ከእርስዎ በላይ የሚያውቀው የለም። ኤጀንቱ እኔ ጋ ሠርቶ እዚያ ለምን ጸጥ አለ? ምን አጥፍቼ ነው?"

ሲመቀኛት የከረመው ሰው ሊያስተምራት የሚችለውም ብቸኛ ሰው መሆኑን፣ ምቀኝነቱን ሳታውቅ፣ በአፏ ነገረችው። ጉልላት ጠረጴዛውን እያየ ተናገረ።

"ያ ሰርቨር ሲነሣ አንድ ሆኖ ነው የሚነሣው። ፕሮግራሙን ከጫነ በኋላ ራሱን እያባዛ ቅጂዎቹን፣ ልጆች በያቸው፣ ይወልዳል። የክሊኒኮቹን ጥያቄ የሚያስተናግዱት ልጆቹ ናቸው። አንቺ ኤጀንቱን ያስጀመርሽው መጀመሪያ በተነሣችው፣ በእናትየዋ ላይ ነው። ከጀርባ የሚሠራው ክፍል ደግሞ ከእናት ወደ ልጅ አይሻገርም፤ ሲባዙ እዚያው ይቀራል። ለእያንዳንዱ ልጅ፣ ከተወለደ በኋላ፣ እንደ አዲስ ማስጀመር ነበረብሽ። ያንቺ ኮምፒውተር ላይ ማባዛት ስለሌለ ሠራልሽ።"

ዱሬቲ ፊቷ በራ፤ ወዲያው ደግሞ ጠቆረ። "ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቁት?"

"ከመጀመሪያው ቀን።"

"ወይዘሮ ትርንጎ እኮ ሊሞቱ ነበር ጋሼ።"

"አውቃለሁ።"

"ምን አድርጌዎት ነው?"

"ምንም አላደረግሽኝም" አለ ጉልላት። "ቀናሁብሽ። ሌላ ምክንያት የለውም።"

ልጅቷ ይቅርታ አድርጌልዎታለሁ አላለችም፤ አልተሳደበችምም። ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና "በሉ፣ የት ቦታ ላይ እንደምጽፈው ያሳዩኝ" አለች።

ኤጀንቱ በእያንዳንዱ ልጅ ላይ ተጀመረ። በማግስቱ ጠዋት ክሊኒኮቹ ሥራ ሲገቡ ባዶ የነበረው ገጽ መሙላት ያዘ። ኔትወርኩ ንጹሕ ነው። የሚያደርቀው የታካሚዎች ዝርዝር የሚወጣበት ገጽ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ታካሚ ዳታቤዙን ለየብቻ እየሄደ ይጠይቃል። ክሊኒኮቹ ጥቂት ሳሉ ማንም ያላስተዋለው፣ ሲበዙ ግን ሲስተሙን የሚያንቅ የጉልላት የራሱ ኮድ ነበር።

የፈራው ይህንን ነበር። ሆኖም ዱሬቲ አፏን ሳትከፍት እሱ ወደ ወይዘሮ ዋጋነሽ ክፍል ገባ። "ጥፋቱ እኔ ጋ ነው የተገኘው" አላቸው። "ኤጀንቱንም ያዘገየሁት እኔ ነኝ፤ መላውን እያወቅሁ ደብቄያት ነው።" ሴትየዋ መነጽራቸውን አውልቀው ተመለከቱት። የተናገሩትን ለማንም አልነገረም፤ ሲወጣ ግን ላብ በላብ ሆኖ ነበር። ያንን ኮድ ከዱሬቲ ጋር አስተካከሉት፤ የጠዋቱም ጩኸት ቀረ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቅዳሜ፣ በሌላ ድርጅት የሚሠራው ጓደኛው ኪዳን ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም አካባቢ አገኘው።

"ሥራ ቦታህ ሰላይ አስገባህ ሲሉ ሰማሁ!" አለው ኪዳን እየሳቀ።

"እኔም እንደዚያው ነበር የምለው" አለ ጉልላት። "አሁን ግን ስማኝ። ድሮ ደንበኛ ሲጮህ ነበር የምንነቃው፤ ዛሬ ገና መዘግየት ሲጀምር፣ ሐኪሙ ሳያውቅ እናውቃለን። ድሮ ኔትወርኩ ነው፣ ዳታቤዙ ነው እየተባባልን እንጣላ ነበር፤ አሁን ልኩን እናያለን፣ ጭቅጭቁ አበቃ። ማጥፋትና ማስነሳት ሥራ መስሎኝ የኖርኩት ሰው መጠገን ጀመርኩ። የሰው ስምና ገመና እንዳይወጣ ግን መጀመሪያ ዝጋ። እሱን ሳትዘጋ እንዳታስጀምር።"

"እንግዲያው ለእኛም ይጀመርልን! ልጅቷ ጎበዝ ናት አሉ። ስልኳን ስጠኝ።"

"ልጅቷን ምን ትፈልጋለህ፣ እኔ እመጣ የለም ወይ" የሚለው ቃል ጉልላት ምላስ ጫፍ ላይ ደረሰ፤ ዋጠው። ስልኩን ከኪሱ አወጣና ቁጥሯን አነበበለት።

ኪዳን አመስግኖት ጥቂት እንደሄደ፣ ጉልላት ከኋላው ጮክ ብሎ ተጣራ።

"ኪዳን! ሰርቨራችሁ ራሱን የሚያባዛ ከሆነ፣ እሷ ሥራውን ከመጀመሯ በፊት ንገራት!"