ዝም ያለው ረዳት

ለእረፍት ግቢው ባዶ ሲሆን ዶርም ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። ሰው ሲናፍቀኝ ኮምፒውተሬ ላይ የታክሲ ጌማችንን ከፈትኩ። ጌሙን የሠሩት ሌሎች ናቸው፤ እኔና ተመርቆ የሄደው የዶርም ጓደኛዬ ታምራት የጨመርንበት የሐዋሳን መንገዶችና «ሐይቅ ዳር! ሐይቅ ዳር!» እያለ የሚጣራ ረዳት ነው። ድምፁ የታምራት ነው። ሠሪዎቹ ጌሙን አፕዴት ካደረጉት በኋላ ግን ረዳቱ ዝም ብሏል።

የረዳቱን ኮድ የጻፈው ታምራት ስለሆነ እንዳላበላሸው ፈራሁ። መጀመሪያ ፎልደሩን እንዳለ ፍላሽ ላይ ገልብጬ አስቀመጥኩ። ከዚያ አንድ መስመር ብቻ እቀይርና እሞክራለሁ፤ ካልሠራ ወደነበረበት እመልሰዋለሁ። በስንት ሙከራ ረዳቱ «ሐይቅ ዳር!» ሲል ከወንበሬ ዘለልኩ። ወዲያው ለታምራት ደወልኩ።

«ታሜ፣ ረዳቱ ተናገረ እኮ!»

«የምን ረዳት?»

«የጌማችን ነዋ! ድምፅህ እንዳይጠፋ ስንት ተጠንቅቄ መሰለህ…»

«እንዴ፣ እሱ ነገር እስካሁን አለ?» ብሎ ሳቀ። «ስብሰባ ልገባ ነው፤ ስወጣ እደውልልሃለሁ።»

እስኪመሽ ስልኬን ከእጄ አላወረድኩም። አልደወለም። ራት ልበላ ወጥቼ ጥግ ያለች ጠረጴዛ ጋ ተቀመጥኩ። አስተናጋጇ መጥታ «ሰው እየጠበቅክ ነው?» አለችኝ። ስልኬን አንዴ አየሁና «አይ» አልኳት።