ግድግዳው ውስጥ የገባው እጄ

እኔ እጃጂ አጠገብ ባለች ክሊኒክ አዋላጅ ነርስ ነኝ። የማዋለጃ ክፍላችን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል፤ እናቶች የሚያምጡት ደግሞ እዚያው ሥር ነው። ክፍሉን የሠራው ኮንትራክተር ያለው አምቦ ነው። ብደውልለት «ፎቶ አንስተሽ በኢሜይል ላኪልኝ» አለኝ። ላክሁለት። «ፎቶው በጣም ትልቅ ስለሆነ አልገባም፤ ሳይዙን ቀንሺው» አለ። በስልኬ አሳንሼ ደግሜ ላክሁ። መልሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ሲስተር፣ ይሄ እኮ ጥላ ነው። ስንጥቅ አይታይም።»

ጥላ! ደሜ ፈላ። ዘበኛችንን ኦቦ ገመቹን ጠርቼ ስልኬን ሰጠኋቸውና የጋውኔን እጅጌ ሰብስቤ እጄን እስከ አንጓዬ ስንጥቁ ውስጥ ከተትኩት።

«አሁን ያንሱኝ!»

«ኧረ ልጄ፣ ጊንጥ ቢኖርስ?»

«ካለም አብሮኝ ይነሳ!»

ይሄኛውን ፎቶ ጥፍር እስኪያክል አሳንሼ ላክሁለት። ሥሩም «ጥላው እጄን ውጦታል» ብዬ ጻፍኩበት።

ብዙም ሳይቆይ ደወለ። ድምፁ ተለውጧል። «እሺ ሲስተር፣ ገብቶኛል። በቃ እጅሽን አውጪ፣ ሰሞኑን ሰው እልካለሁ።»

እኔ እንኳ እጄን አውጥቼ አቧራውን እያራገፍኩ ነበር። ቢሆንም ሰሞኑን የሚለው ቃል አልጣመኝም።

«አይሆንም» አልኩት። «መጀመሪያ ሰውየው ይምጣ። እጄን ያኔ አወጣለሁ።»