«ታንጉት» ተብሎ ስለተጻፈው ሰሌዳ

የምስክሩ ስም፦ ይመር ሙሀባው
ዕድሜ፦ 34
ሥራ፦ የሱቅ ሰሌዳ ጸሐፊ
አድራሻ፦ ሪያድ ከተማ፣ ሱወይዲ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሐሙስ ህዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡30 (ሰዓቱ በሀገራችን አቆጣጠር ነው)
ቃሉን በአማርኛ የጻፈችው፦ አስተርጓሚ ሶስና ኢሊያስ
ጉዳዩ፦ በኸዲጃ መሐሙድ ስም የወጣ የበዓል መሸጫ ፈቃድ ለሌላ ሰው ተላልፏል ስለመባሉ

እኔ ስሜ ከላይ የተመለከተው ምስክር እውነቱን ለመናገር ምዬ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። መርማሪው የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው። ፈቃዱ የኸዲጃ ሆኖ ሳለ ሰሌዳው ላይ የተጻፈችው ታንጉት ማን ናት? መልሴ አጭር ነው፤ ኸዲጃና ታንጉት አንድ ሴት ናቸው። ሁለት ቢሆኑማ እኔም አንዷን ረስቼ በሰላም በኖርኩ ነበር። አስተርጓሚዋ «ወንድሜ፣ ወደ ጉዳዩ ግባ» ስላለችኝ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ።

ኸዲጃን የማውቃት ከወረኢሉ ነው። የእነሱ ቤት ከእኛ ቤት ወንዝ ማዶ ነበር። ኸዲጃ የሚለውን ስም አባቷ አወጡላት፤ ፓስፖርቷም ኢቃማዋም፣ የመኖሪያ ፈቃዷ ማለት ነው፣ ላይ ያለው እሱ ነው። ታንጉት ደግሞ እናቷ ያወጡላት የቤት ስሟ ነው። በእኛ አገር ሰው የመዝገብ ስምና የቤት ስም ቢኖረው ብርቅ አይደለም። እናቷ ማታ ማታ «ታንጉት!» ብለው ሲጣሩ ከወንዙ ወዲህ ሆኜ እሰማ ነበር። የምትጠራው እሷ፣ ደንግጬ የምነሳው እኔ። ወደ ሪያድ የመጣችው ከአስራ አንድ ዓመት በፊት ነው። እኔ ከሁለት ዓመት በኋላ ተከተልኳት። ለቤተሰቤ ለሥራ ነው የምሄደው ብያለሁ፤ ውሸት ነው። ይህም ይጻፍልኝ።

እሷ ራውዳ ሰፈር በአንድ ቤት ምግብ ታበስላለች። የምንገናኘው በወር አንድ ዓርብ፣ ሱወይዲ ገበያ ነው። እዚያ ስንቀመጥ ሌላ ወሬ የላትም፤ በከተማው በዓል ላይ የራሷ ዳስ ኖሯት ዳቦ ቆሎና ሳምቡሳ መሸጥ ነው ሐሳቧ። «በሰው ኩሽና አረጀሁ። ክንድ የምታህል ጠረጴዛም ብትሆን የኔ የምላት ትኑረኝ» ትለኝ ነበር። ፈቃዱን ለማግኘት ሦስት ዓመት ደጅ ጠንታለች። በመጀመሪያው ዓመት የከፊሏ፣ የአሠሪዋ ማለት ነው፣ የስምምነት ደብዳቤ ማኅተም የለውም ተብሎ ተመለሰ። በሁለተኛው ዓመት የጤና ካርዷ ስድስት ቀን አልፎበት ተገኘ። ስድስት ቀን! ያን ዕለት አላለቀሰችም፤ የያዘችውን ዳቦ ቆሎ ለእኔ ሰጥታኝ ሄደች። ዘንድሮ የምግቡ ናሙና ተመርምሮ አለፈ፣ ፈቃዱም ወጣ። ፈቃዱ ሁለት ግዴታ አለው። ባለፈቃዷ ራሷ ዳሱ ውስጥ መገኘት አለባት፤ ሰሌዳው ላይ የሚጻፈውም ስም ፈቃዱ ላይ ያለው መሆን አለበት። ሁለተኛውን አላወቅሁም አልልም፤ እሷው ሦስት ጊዜ ነግራኛለች።

ሰሌዳውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «የኸዲጃ ዳቦ ቆሎ» ብለህ ጻፍ ነበር ያለችኝ። ማክሰኞ ቀን ከሥራ በኋላ ብሩሽ ይዤ ተቀመጥኩ። «የ» ብዬ ጀመርኩ፤ ከዚያ በኋላ እጄ እምቢ አለኝ። ዘጠኝ ዓመት በሰው አገር ስሟን በልቤ ስጠራ ኖሬ፣ በቀለም የምጽፍበት ቀን ሲመጣ ሌላ ስም እንዴት ይውጣኝ? በአማርኛም በዓረብኛም «ታንጉት» ብዬ ጻፍኩት። ጥፋቱ የኔ ነው፤ እሷ አላዘዘችኝም።

ትናንት ረቡዕ ከቀኑ 9፡40 ላይ ሰሌዳውን ጨርቅ አልብሼ ዳሱ ላይ ሰቀልኩት። ጨርቁን ስገልጠው እጇን አፏ ላይ ጫነች። «አንተ እብድ! አሁኑኑ አጥፋው!» አለችኝ። ቀለም ላመጣ ስነሳ ሸሚዜን ያዘችኝ። ቀና ብላ ብዙ አየችው። «እሺ፣ እስኪመሽ ይዋል» አለች። ለማሽቀንጠር የቸኮለ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ ስሙ ናፍቋት ነበር።

10፡15 ሲሆን ተቆጣጣሪው መጡ። እሷ ውሃ ልትቀዳ ሄዳ ነበር። እኔም ደንግጬ፣ በዳሶቹ ሁሉ ፊት «ታንጉት! ያላ ነይ!» ብዬ ተጣራሁ። እሷ ሌላው ሰው ኸዲጃ ሲላት በዓረብኛ «ነዓም» ነው የምትለው። ያኔ ግን ጀሪካኗን እንደያዘች «ወዬ!» ብላ በሳቅ ዞረች። ተቆጣጣሪው «ይህች ታንጉት ከሆነች ኸዲጃ የት አለች?» አሉ። ሥራቸው ነው፣ አልቀየማቸውም። ፈቃዱን ወስደው ዳሱን ዘጉት። ፈቃዱን ለሌላ አስተላልፋለች ከተባለ ዳግም ማመልከት አትችልም፤ ከፊሏም ደብዳቤውን እንደሚያነሱ ነግረዋታል። ያ ሁሉ ደጅ ጥናት በእኔ ብሩሽ ገደል ሊገባ ነው። ከትናንት ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም።

መርማሪው አሻራዋን ከኢቃማዋ አመሳክረው ኸዲጃ ራሷ መሆኗን አይተዋል። የቀራቸው ጥያቄ አንድ ነበር። «የቤት ስም ነው ብለሃል። እንዲህ ብሎ የሚጠራት የትኛው ቤት ነው?» አሉኝ። አሰብኩ። እናቷ ከሦስት ዓመት በፊት አርፈዋል። የወረኢሉው ቤት ተዘግቷል። ራውዳ ያለው ቤት ኸዲጃ ነው የሚላት። «እንግዲያው ቤቱ እኔ ብቻ ነኝ» አልኩ። አስተርጓሚዋ ብዕሯን አቁማ «ወንድሜ፣ ይህን ወደ ዓረብኛ ልመልሰው ወይስ ይቅር?» አለችኝ። «መልሺው፣ ኸላስ፣ እወዳታለሁ። አንድም ቀን አልነገርኳትም። ዛሬ ነገ ስል እዚህ ደረስኩ» አልኩ። መርማሪው ይህን ሲሰሙ፣ ሰሌዳውን እስከ ዛሬ 9፡00 ሰዓት «ኸዲጃ» ብዬ ካስተካከልኩ ፈቃዱ እንደሚመለስላት ገለጹልኝ። በገዛ እጄ ላጠፋው ተስማምቻለሁ። ስሙን ማጥፋቱ ይከብደኛል፤ ዳሷ ከሚዘጋ ግን እኔ ይክበደኝ።

ይህ ቃሌ ከፍ ባለ ድምፅ ተነበበልኝ። በሩ ክፍት እንደነበረ፣ እሷም ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደሰማች ያወቅሁት ንባቡ ሲያልቅ ነው። በሩ ላይ ቆማ «ይመር፣ ይቺን ለመናገር ፖሊስ ጣቢያ እስክትመጣ ነው እንዴ ስትጠብቅ የኖርከው?» አለች። ጥያቄዋ እንዲጻፍልኝ ጠይቄ ተጽፏል። መልሱን ግን ውጭ ለራሷ እንጂ ለመዝገብ አልሰጥም።

ከላይ የሰፈረው ያለ ማንም ግፊት በፈቃዴ የተናገርኩት ነው፤ አልተቀነሰበትም፣ አልተጨመረበትም። ከመዘግየቱ በቀር ሁሉም እውነት ስለመሆኑ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ይመር ሙሀባው
የአስተርጓሚዋ ፊርማ፦ ሶስና ኢሊያስ
የመርማሪው ፊርማ፦ (ተፈርሟል)